አንድ ለመቶ

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ መልሶ ተጠቀለለ፤
በአንዱ ጫፍ ሜትር ጫንኩበት፣ በአንዱ ጫፍ ግማሽ ሸክላ፣
በሦስተኛው የማር ጣሳ፤ አራተኛውን የነጂብ ክርን ተቀበለ።
«በሉ እዩልኝ፤ አትፈሩኝ፤ ሳይቆፈር መሠረቱ
ዛሬ በላጲስ ይጠፋል፣ ነገ በዲጅኖ ነው ስህተቱ።»

አርባ ዓመት ሄርማታ ላይ በሰው ግድግዳ የኖርን፣
ሚስማር ልንመታ እንኳ ባለቤቱን ያስፈቀድን፣
ያን ቀን ሁላችንም ግድግዳ አፍራሽ ሆንን።

ጅማ ነውና ቀድሞ ሐሳብ የሰጠ ዝናብ ነው፤
እየጮኽን ተማከርን፣ ጎረቤታችን ጠብ መሰለው።

አባ መጫ፣ አናጢው፣ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤
«በረንዳህ ጠብባለች። የእኛ ዝናብ መቼ ቁልቁል ብቻ ወረደ?
በጎን ይመጣል እንደ አበዳሪ። ክፈፉን አንድ ክንድ ጨምርበት፤
ጣራ ባርኔጣ ነው ልጄ፣ ምን ሊያደርግ ጠርዝ ከሌለበት።»

ነጂብ፣ «ሱቁስ? ሁለት በር አውጣ በመንገዱ በኩል፤
መንገድ ዳር ያለ ግድግዳ ዝም ብሎ ቆሞ ይበላል?»

ልትገላግል የመጣችው እትዬ ወርቅያንሱ፣ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ፣ ከደጅ፣
«ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን የሚተክልበት ግቢ አስቀርቷል ወይ ይሄ ልጅ?»

ሸምሲያ በማንኪያ ጠቆመች፤ «ወጥ ቤቱን የሣለው ማነው?
ድስት አውርዶ አያውቅም። ውኃውና ምድጃው እኮ የተኳረፉ ናቸው፣
እኔን መሐል አማላጅ አድርጎ እድሜ ልኬን ሊያመላልሰኝ ነው!»

ሂክመት ሰባት ዓመቷ ነው፤ አላስፈቀደችም ማንንም፣
መኝታ ቤታችን መሐል በአረንጓዴ ዛፍ ሣለች፤
«አቮካዶው እኮ እዚህ ጋ ነው፤ አታዩም?»
እውነቷን ነው። ማናችንም አላየንም።

ሙአዝ፣ ንድፉን ያወጣው፣ አምና ከኪቶ የተመረቀው፣
ሁሉን በቀይ መዘገበ፤ ወረቀቱን ኩፍኝ የያዘው አስመሰለው፤
ላቡን ጠረገ። «አንድ ለመቶ ነው» አለ፤ «ሲሠራ እኮ ይሰፋል።»
«ጭቅጭቁም አብሮ?» አለ ነጂብ።

እናቴ ሐዋ ዝም ብላ ነበር። ከዚያ ድንገት፣
«ከአልጋዬ እስከ ሽንት ቤት
ስንት ነው?»
«ስምንት ሜትር ከሃያ።»
«ሜትር መች ጠየቅኩህ? በእግር።»
ማንም መልስ አልነበረው። ዝናቡም ሊያባራ ነበር።

በማግስቱ ሲጠራልን ከጅሬን ግርጌ ወደ ቦታው ሄድን፣
ሲባጎ ወጠርን፣ በእርጥቡ ሣር ላይ ኖራ ነሰነስን፤
ሙሉ ቤት፣ ልክ በልኩ፣ ግድግዳው ከሣሩ የማይረዝም።
ነጂብ ሳሎኑን በግድግዳው በኩል አልፎ ወጣ።
እናቴ ግን በበሩ ገባች፤
ደፉ ላይ ቆማ ጫማዋን ልታወልቅ አሰበች፤ ተወች።
ከመኝታዋ ተነሣች። ገና ያልተገነባ ግድግዳ
በመዳፏ እየዳበሰች፣ ከንፈሯ እየቆጠረ፣
ስድስት፣ ሰባት፣ ከዚያ ስታ
መስመሩን ረግጣ ወጥ ቤት ገባች።
ጫማዋ በኖራ ነጣ። አላየችውም።
በጠራራ ፀሐይ።

ጫማዋን አየሁ፣ ከዚያ ዓይኗን።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
«ከአረፋ ወዲህ። ልጁ ትናንት ምን ነበር ያለው?
አንድ ለመቶ? እንደዚያ ነው።
ሄርማታን በእግሬ አውቀዋለሁ፤ የፈራሁት አዲሱን ነው።»

ሐሳብ የሰጠ ሰው የለም። ሙአዝ ቀይ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ፣
ተንበርክኮ በመዳፉ አንድ ግድግዳ አጠፋ፣
ሽንት ቤቱን ወደ አልጋዋ ሳበው፣ አራት እርምጃ ቀረው፤
ሁለት ደፍ ሻረ። ነጂብ የሱቁን በር ረሳው።
እሷ ደጋግማ ሄደችበት፤ በሦስተኛው እጇን አልዘረጋችም።

ማታ ዘነበ፤ ኖራውን ከነሳሎኑ አጠበው።
አልቆጨኝም፤ በቃሏ ይዛዋለች።
የአቮካዶው ነገር ግን ገና ነው፤
ወረቀቱን ዛሬ ስፈታው፣ ሂክመት ፍሬ ጨምራበታለች።